ሚካኤል ፕሬቶሪዩስና የትሮምቦን ቅኝት

በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን ሳለን ኦርጋኑ በአንድ የድምፅ ልክ፥ የናስ መሣሪያዎቹም በሌላ ልክ ሲሰሙ መዝሙሩ ምን ያህል እንደሚደፈርስ ምናልባት በጆሮህ ሰምተህ ይሆናል። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማውም ያው ነው። ሁሉም ተግቶ ይነፋል፥ ሁሉም ተግቶ ይዘምራል። ነገር ግን አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ስላለ የሰሚው ልብ ምስጋናውን ትቶ ከጆሮው ጋር ይታገላል። ይልቁንም ከታች ሆኖ መዝሙሩን ሁሉ የሚሸከመው ባስ ትሮምቦን ልኩን የሳተ እንደ ሆነ፥ መሠረቱ እንደ ተናጋ ቤት ከላይ ያለው ሁሉ ይናወጣል።

ይህ ችግር ዛሬ የመጣ አይደለም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር በነበሩ አብያተ ክርስቲያናት ከዛሬው ይልቅ የከፋ ነበረ። በዚያን ጊዜ ይህን ነገር በትጋት የመረመረ፥ መድኃኒቱንም የፈለገ፥ በመጨረሻም ከመሣሪያዎች ሁሉ መካከል ትሮምቦንን የልክ ምስክር አድርጎ የመረጠ አንድ ሰው ተነሣ። ስሙም ሚካኤል ፕሬቶሪዩስ ነው። ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት፥ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ፕሬቶሪዩስ በ1571 ዓ. ም. ገደማ በቱሪንጊያ ምድር ክሮይትስቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የወንጌል አገልጋይ ነበረ። የቤተ ሰቡ ስም በጀርመንኛ ሹልትሃይስ ሲሆን ትርጓሜው የመንደር ዳኛ ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ስማቸውን ወደ ላቲን ቋንቋ የመመለስ ልማድ ስለ ነበራቸው ልጁ በላቲኑ ስም ፕሬቶሪዩስ ተብሎ ታወቀ። አባትየው አስቀድሞ በቶርጋው ከተማ በላቲን ትምህርት ቤት ከዮሐን ዋልተር ጋር አስተምሮ ነበር። ይህ ዋልተር በ1524 ዓ. ም. የተሐድሶውን መዝሙሮች ለብዙ ድምፅ አዘጋጅቶ ያሳተመው፥ የሉተርም የመዝሙር ረዳት የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ሕፃኑ የተወለደው የአዲሱ መዝሙር ድምፅ ከግድግዳው ባልጠፋበት ቤት ነው ማለት ይቻላል።

አባቱ በሉተር ትምህርት ላይ ያለ ማመንታት ስለ ጸና ከአንድ ጊዜ በላይ ከሥራው ተሽሯል። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ቶርጋው ተመለሰ፤ ሚካኤልም በዚያ ትምህርት ቤት ገብቶ ላቲንንና መዝሙርን ተማረ። ከዚያም በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው በፍራንክፉርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ታላቅ ወንድሙ መምህር ስለ ነበረ ይረዳው ነበር። ወንድሙ በሞተ ጊዜ ግን ርዳታው ተቋረጠ። ወጣቱም በ1587 ዓ. ም. በዚያች ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆኖ ሦስት ዓመት ያህል አገለገለ። የሰባኪ ልጅ ሆኖ ሳለ ራሱ ወደ ስብከት አገልግሎት አለመግባቱን ግን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንደ ጉድለት ይቈጥረው ነበር። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል በመዝሙር ሥራው ሁሉ ቃሉ ለሕዝቡ ጥርት ብሎ እንዲሰማ እጅግ ይጨነቅ የነበረው።

በ1595 ዓ. ም. በቮልፈንቡተል ከተማ ለብራውንሽቫይግ መስፍን ለሃይንሪክ ዩልዩስ ኦርጋን መቺ ሆኖ ተቀጠረ። በሚከተለው ዓመት መስፍኑ በግሮኒንገን ቤተ መንግሥት ያሠራው ታላቅ ኦርጋን ሲፈተን ከየአገሩ ከ50 የሚበልጡ ኦርጋን መቺዎች ተጠርተው ነበር፤ ፕሬቶሪዩስም ከእነርሱ አንዱ ነበረ። እያንዳንዱ ሰው የመጣው በገዛ ከተማው ኦርጋን ጆሮውን አስለምዶ ነው። አንድ ድምፅ በአንዱ አገር ከፍ፥ በሌላው አገር ዝቅ ተደርጎ ይቃኝ ነበርና፥ እንዲህ ያለ ጉባኤ ለወጣቱ ትልቅ ትምህርት ቤት እንደ ሆነለት መገመት አያስቸግርም። በ1603 ዓ. ም. ሚስት አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ተወለዱለት። በ1604 ዓ. ም. የመስፍኑ መዘምራንና ሙዚቀኞች ሁሉ አለቃ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው የሥራ ብዛት ያስደንቃል። ሙዜ ሲዮኒዬ ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ ከ1605 እስከ 1610 ዓ. ም. በዘጠኝ ክፍል አሳተመ። በውስጡም በቤተ ክርስቲያን የሚዘመሩት የጀርመንኛ መዝሙሮች ከ1200 በላይ በሆኑ ልዩ ልዩ አቀነባበሮች ይገኛሉ፤ አንዳንዱ ለሁለት ድምፅ ብቻ፥ አንዳንዱም ለአሥራ ሁለት ድምፅ የተዘጋጀ ነው። ስለ ጽጌረዳይቱ በልደት በዓል የሚዘመረው የታወቀው የጀርመን መዝሙር እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሰማበት የአራት ድምፅ ስምምነት በ1609 ዓ. ም. ከዚሁ ሰው እጅ የወጣ ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሁለት ልጆች ድምፅ፥ የከተማ ካቴድራልም በሦስትና በአራት የመዘምራን ጓድ ያንኑ መዝሙር እንዲዘምሩ ማስቻል የሥራው ዓላማ ነበረ።

ነገር ግን ብዙ ጓድ በአንድነት እንዲዘምር ሲደረግ የቅኝት ችግር ይበረታል። አንዱ ጓድ ከመሠዊያው አጠገብ፥ ሌላው በሰገነት፥ ሦስተኛውም ከኦርጋኑ አጠገብ ይቆማል። በእያንዳንዱ ጓድ ውስጥ ዘማሪዎች፥ ቫዮሊኖች፥ ከእንጨት የተሠሩ ኮርኔቶች፥ ትሮምቦኖችም አሉ። ኦርጋኑ አንድ ጊዜ ከተቃኘ ለማንም አይታዘዝም፤ የእንጨቱ መሣሪያ ቀዳዳው የተወሰነ ስለ ሆነ ብዙ ሊለወጥ አይችልም። በዚህ ላይ መሣሪያ ሠሪዎች በየአገሩ በልዩ ልዩ ልክ ይሠሩ ነበር። በእንግሊዝና በኔዘርላንድ የሚሠሩት የንፋስ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከጀርመኖቹ ዝቅ ያሉ እንደ ነበሩ፥ በፕራግም ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከተለመደው በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ያለ ልክ እንደ ተለየ ፕሬቶሪዩስ ጽፎ ትቶልናል።

በ1613 ዓ. ም. መስፍኑ ሃይንሪክ ዩልዩስ በፕራግ ሞተ። ቤተ መንግሥቱ በኀዘን ላይ ስለ ነበረ ፕሬቶሪዩስ ወደ ድሬስደን ሄዶ በሳክሶኒው መራጭ መስፍን ዘንድ የሙዚቃውን አገልግሎት መራ። በ1614 ዓ. ም. መሳፍንቱ በናውምቡርግ በተሰበሰቡ ጊዜ መዝሙሩን ያዘጋጀ እርሱ ነበረ። በድሬስደንም ከወጣቱ ከሃይንሪክ ሹትስ ጋር ተገናኘ። ሹትስ በቬኒስ ተምሮ የመጣ ስለ ነበረ፥ ፕሬቶሪዩስ ራሱ ሄዶ ሊያያት ያልቻለችውን የኢጣልያን አዲስ የሙዚቃ አሠራር በእርሱና በመጻሕፍት አማካይነት በሚገባ አወቀ። ከከተማ ወደ ከተማ በሄደ ቍጥር ግን ያንኑ ችግር ያገኝ ነበር፤ ይኸውም በአንዱ ስፍራ የተዘጋጀው መዝሙር በሌላው ስፍራ ኦርጋን ሲመታ ለዘማሪዎቹ ጉሮሮ የማይስማማ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የሚያውቀውን ሁሉ በመጽሐፍ ለማኖር ቈረጠ። መጽሐፉ ሲንታግማ ሙዚኩም ይባላል፤ ሦስት ክፍል ሲሆን ከ1614 እስከ 1619 ዓ. ም. ባሉት ዓመታት ታትሟል። ሁለተኛው ክፍል ስለ መሣሪያዎች ሁሉ ይናገራል፤ በ1620 ዓ. ም. ደግሞ 42 የሥዕል ገጾች ታክለውበታል። ሥዕሎቹ ለጌጥ ብቻ የተሣሉ አይደሉም። የብራውንሽቫይግ ጫማ የሚባለው የርዝመት መለኪያ ከእነርሱ ጋር ተሥሎ ስለሚገኝ፥ አንባቢው የእያንዳንዱን መሣሪያ እውነተኛ ርዝመት በመለኪያው ሊያገኝ ይችላል። መሣሪያ ሠሪ በሩቅ አገር ቢኖር እንኳ ልኩን እንዲያገኝ ታስቦ የተደረገ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ትሮምቦን የክብር ስፍራ አለው። ፕሬቶሪዩስ ትሮምቦኖችን በቤተ ሰብ ይከፍላቸዋል። ትንሹ የአልቶ ነው፤ ቀጥሎ የተለመደው የቴኖር ትሮምቦን ይመጣል፤ ከእርሱም በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ድምፅ ዝቅ የሚለው ባሱ አለ፤ ከሁሉም በታች ከተለመደው በሙሉ ኦክታቭ ዝቅ የሚለው ትልቁ ትሮምቦን ይገኛል። ይህን መሣሪያ ከሌሎች የንፋስ መሣሪያዎች ሁሉ የሚያስቀድመውም በምክንያት ነው። ሌሎቹ በተሠሩበት ልክ ይጸናሉ፤ ትሮምቦን ግን ቅጥያ ቱቦ ሲጨመርበት በሙሉ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ የተካነ ነፊም ያለ ቅጥያ በከንፈሩና በእስትንፋሱ ብቻ ከፍና ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

የዚህን ነገር ምስጢር ለመረዳት የመሣሪያውን ባሕርይ ጥቂት እንመልከት። በአገራችን መሰንቆ የሚጫወት ሰው በመሣሪያው አንገት ላይ ጣቱን የሚያሳርፍበት ምልክት የለውም፤ በአንዲቱ ጭራ ላይ ትክክለኛውን ስፍራ የሚያገኘው በጆሮው ነው። ክራር ግን አስቀድሞ ይቃኛል፤ ከተቃኘም በኋላ እያንዳንዱ ክር የተሰጠውን ድምፅ ብቻ ይናገራል። ኦርጋን በዚህ ነገር ክራርን ይመስላል፤ ትሮምቦን ደግሞ መሰንቆን ይመስላል። የሚሳበው ቱቦ ወደ ፊት ሲገፋ የአየሩ መንገድ ይረዝማል፥ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ ወደ ኋላ ሲሳብ መንገዱ ያጥራል፥ ድምፁም ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ነፊውን የሚያግድ ምንም ነገር የለም፤ የሚመራውም ጆሮው ብቻ ነው።

የባስ ትሮምቦን ነፊ ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ድምፁን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ለማድረግ የቱቦው ርዝመት በመቶ ስድስት ያህል መጨመር አለበት። ስለዚህ በቴኖር ትሮምቦን የመጀመሪያው እርምጃ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የመጨረሻው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከቴኖሩ በአራተኛ ድምፅ ዝቅ በሚለው ባስ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ራሱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እየራቀም ሲሄድ ይሰፋል። እርምጃዎቹን እኩል አድርጎ የሚስብ ነፊ ወደ ታች በወረደ መጠን ከልኩ በላይ ሆኖ ይቀራል። በፕሬቶሪዩስ ዘመን የባሱ ቱቦ ከሰው ክንድ በላይ መሄድ ስለሚያስፈልገው በላዩ እጀታ ይደረግበት ነበር፤ ነፊውም እጀታውን ይዞ ቱቦውን ይገፋው ነበር። በዛሬው ባስ ትሮምቦን የእጀታውን ሥራ በአውራ ጣትና በሌላ ጣት የሚከፈቱ ቫልቮች ይሠሩታል፤ እያንዳንዱ ቫልቭም የራሱ መቃኛ ቱቦ ስላለው ለብቻው መቃኘት ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ ቫልቩ በተከፈተ ጊዜ የቱቦው መንገድ ስለሚረዝም እርምጃዎቹ እንደ ድሮው ባስ ይሰፋሉ፤ ይህን የረሳ ነፊ ከልኩ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ፕሬቶሪዩስ ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ የሚሆን አንድ የድምፅ ልክ ሲፈልግ፥ ልኩን ለማወቅ ከትሮምቦን የሚሻል መሣሪያ አላገኘሁም ብሎ ወሰነ፤ ይልቁንም በኑርንበርግ ከተማ የሚሠሩትን መረጠ። የኑርንበርግ ሠሪዎች ሥራቸውን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፉ ስለ ነበረ ልካቸው አይዋዥቅም ነበር። የሰጠውም ትእዛዝ ቀላል ነው፤ ቱቦውን ከመጨረሻው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ሳበው፤ ያን ጊዜ የምትሰማው ድምፅ ትክክለኛው ላ ነው። ከዚህም ጋር ኦርጋን ሠሪዎች እንደ ምሳሌ የሚሠሩባቸውን የትንንሽ ቧንቧዎች መጠን በሥዕል አሳየ።

ስለ ሁለቱ ጣት ጥቂት እናስብ። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ የሚቃኝ ቢሆን ኖሮ ነፊው ዝቅ ሊል ይችላል እንጂ ከዚያ ወዲያ ከፍ ሊል አይችልም ነበር። ሁለት ጣት ያህል ክፍት ሲተው ግን ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት ስፍራ አለው። ዛሬም መልካም መምህራን ተማሪዎቻቸውን የመጀመሪያውን እርምጃ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጉ፥ ጥቂት ስፍራ እንዲተዉ ያስተምሯቸዋል። መሣሪያው ሲቃኝ ጥቂት ከፍ ተደርጎ ይቃኛል፤ ከዚያም ነፊው በእጁ ወደ ጓደኞቹ ድምፅ ያወርደዋል። የልክ ምስክር እንዲሆን የተመረጠው መሣሪያ ግትሩ ሳይሆን ለሌላው ሊታዘዝ የሚችለው መሆኑን ልብ በል።

የመታዘዙ ጥቅም በሌላም ነገር ይታያል። በዚያ ዘመን ኦርጋን የሚቃኘው ሦስተኛው ድምፅ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነበር፤ ስለዚህም አምስተኛዎቹ ድምፆች በጥቂቱ ይጠብቡ ነበር። ፕሬቶሪዩስ ይህን አቃቃን በመጽሐፉ ደረጃ በደረጃ አስረድቷል። ነገር ግን ይህ አቃቃን ዋጋ ያስከፍላል፤ ለሶል ዲዬዝ የተቃኘው ቧንቧ በላ ቤሞል ስፍራ ቢመታ እንደ ተኵላ ጩኸት ያስቀይማል። ይህን ለማስወገድ በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ ኦርጋን መቺ የነበረው ካርል ሎይቶን በአራት ኦክታቭ ውስጥ 77 ቍልፎች ያሉት መሣሪያ እንደ ነበረው ፕሬቶሪዩስ በአድናቆት ጽፏል። ትሮምቦን ግን ሰባ ሰባት ቍልፍ አያስፈልገውም። ነፊው ክንዱን በጥቂት ማንቀሳቀስ ብቻ ሁለቱንም ድምፆች በየቦታቸው ያገኛቸዋል። ዛሬም ቢሆን በፒያኖ ልክ የለመደ ትሮምቦን ነፊ በስምምነቱ ውስጥ ትልቁን ሦስተኛ ድምፅ የያዘ እንደ ሆነ፥ ከፒያኖው በግማሽ ድምፅ ሰባተኛ እጅ ያህል ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ያን ጊዜ ስምምነቱ ይጠራል።

ነፊው መሳሳቱን የሚያውቀው እንዴት ነው? ሁለት ድምፆች ሊገጥሙ ጥቂት ሲቀራቸው በመካከላቸው የሚወዛወዝ ድምፅ ይሰማል። ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ውዝዋዜው ፈጣን ነው፤ ሲቀራረቡ ይዘገያል፤ በገጠሙም ጊዜ ጸጥ ይላል። የጥንት ኦርጋን ቃኚዎች በዚህ ምልክት ይሠሩ ነበር። በባስ ድምፆች ላይ ግን ውዝዋዜው እጅግ ዝግ ያለ ስለ ሆነ ለማስተዋል ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የባሱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ያለውን ኦክታቭና አምስተኛ ማድመጥ አለበት። ደግሞም ቤተ ክርስቲያኑ በቀዘቀዘ ጊዜ የኦርጋኑ ድምፅ ዝቅ ይላል። የአሥር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ድምፁን በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ይለውጠዋል። ትሮምቦኑ ግን በነፊው እስትንፋስ ሞቆ ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ረጅም ስብከት ሲሰማ ቆይቶ እንደ ገና ሲነሣም ይቀዘቅዛል። በማለዳ የተቃኘ ትሮምቦን እስከ ቀትር በልኩ ይቆያል ብሎ መተማመን አይገባም።

ፕሬቶሪዩስ ስለ ልክ እንዲህ የተጨነቀው ስለ መሣሪያ ፍቅር ብቻ አልነበረም። በእርሱ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች መሣሪያው ደምቆ እንዲሰማ የድምፁን ልክ በግማሽ ድምፅ ከፍ ሊያደርጉ ይሹ ነበር። እርሱ ግን ተቃወመ። ልኩ ከፍ ሲል አልቶዎቹና ቴኖሮቹ ለመጮኽ ይገደዳሉ፤ በጩኸትም ውስጥ ቃሉ ይጠፋል። ሰው በመካከለኛ ድምፁ ሲዘምር ደስ የሚያሰኝ መሆኑን፥ ሕዝቡም የሚዘመረውን እንደሚያስተውል አስረዳ። የመሣሪያው ውበት ለቃሉ እንዲገዛ እንጂ ቃሉ ለመሣሪያው እንዲገዛ አልፈቀደም። በሦስተኛው የመጽሐፉ ክፍልም አንድ ሰው ብቻ ሲዘምር ከበታቹ ሦስት ትሮምቦኖች ሊያጅቡት እንደሚችሉ አሳየ፤ ከንፈሩ የለሰለሰ፥ እጁም የተጠነቀቀ ነፊ የሰውን ድምፅ ሳይሸፍን ሊሸከመው ይችላልና።

በ1618 ዓ. ም. ከሹትስና ከሳሙኤል ሻይት ጋር በማግደቡርግ ካቴድራል የመዝሙሩን ሥራ ለማደራጀት ሄደ፤ በ1619 ዓ. ም. በባይሮይት አዲሱ ኦርጋን ሲመረቅ ከእነርሱ ጋር ተገኘ። ነገር ግን ሁለት ጠላቶች በአንድ ጊዜ ተነሡበት። አንዱ የገዛ ሥጋው ነበረ፤ ጤናው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የደከመ ነበርና። ሁለተኛውም በ1618 ዓ. ም. የተጀመረውና ሠላሳ ዓመት የቈየው ጦርነት ነበረ። በጦርነቱ ዘመን ብዙ የመዘምራን ጓዶች ተበተኑ፤ ለአሥራ ሁለት ድምፅ የተጻፈውን መዝሙር የሚዘምር አልተገኘም። ሹትስ ራሱ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ድምፅ ብቻ የሚሆኑ ትንንሽ መዝሙሮች ለመጻፍ ተገዷል።

ፕሬቶሪዩስ ያንን ሁሉ ጥፋት አላየም። በ1620 ዓ. ም. በቮልፈንቡተል የነበረው ሹመቱ አልታደሰለትም፤ በ1621 ዓ. ም. በየካቲት 15 ቀን በዚያችው ከተማ ሞተ። የተቀበረውም በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኦርጋኑ በታች ነው። በሥራው ሀብት ያፈራ ሰው ነበረ፤ ከሀብቱ የሚበዛው ለድሆች መርጃ እንዲውል ተናዞ ነበር። የፈለገውን አንድ ልክ ግን በዘመኑ አላገኘም። ከተሞቹ በየራሳቸው ልክ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖሩ። በ1939 ዓ. ም. ብቻ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሊቃውንት በለንደን ተሰብስበው ላ በአንድ ሴኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ እንዲሆን ተስማሙ።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልሆነም። በኑርንበርግ ከተማ በሚገኘው የጀርመን ብሔራዊ ሙዚየም ኤራስሙስ ሽኒትሰር በ1551 ዓ. ም. የሠራው ትሮምቦንና ይስሐቅ ኤሄ በ1612 ዓ. ም. የሠራው ባስ ትሮምቦን እስከ ዛሬ ይገኛሉ። የኋላ ዘመን ሊቃውንት የፕሬቶሪዩስን መጽሐፍ በአንድ እጅ፥ የኑርንበርግን ትሮምቦኖች በሌላ እጅ ይዘው የዚያን ዘመን የድምፅ ልክ መርምረዋል፤ ብዙዎቹም ከዛሬው ልክ በግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይል እንደ ነበረ ይናገራሉ። ኦርጋኖቹ ፈርሰዋል ወይም ተለውጠዋል፤ ዘማሪዎቹም ዐፈር ሆነዋል። ሁለቱ ጣት ግን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ስለ እነርሱ ይመሰክራል።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ትሮምቦን የምትነፋ ወንድሜ ሆይ፥ ይልቁንም ባሱን የያዝህ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት የምትማረው አለ። ኦርጋኑ ወደ አንተ ሊመጣ አይችልም፤ አንተ ግን ወደ እርሱ መሄድ ትችላለህ። ዘማሪዋ ድምፅዋ ቢደክምና ጥቂት ዝቅ ብትል፥ አንተ በልኬ ነኝ ብለህ ብትጸና ሁለታችሁም ትጠፋላችሁ፤ ክንድህን በጥቂቱ ብትዘረጋ ግን መዝሙሩ ይድናል። ስለዚህ ከመንፋትህ በፊት አድምጥ፤ እየነፋህም ሳለህ አድምጥ፤ መሣሪያህንም ስትቃኝ ለጓደኛህ የሚሆን የሁለት ጣት ስፍራ ተው። በሕዝቡ መካከል ሰላም የሚገኘውም በዚሁ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ ለሌላው የሚሆን ስፍራ በልቡ ሲተው ነውና። በአንድ ልብና በአንድ ድምፅ እርሱን እናመሰግን ዘንድ የትዕግሥትና የመጽናናት አምላክ ይርዳን፤ አሜን።